ለማይመልስ ሪሲቨር ማውራት፦ የዲሽ ቀረጻን ከኮምፒውተር የማዘዝ የሥራ ሂደት ማስታወሻ

ቅዳሜ ጠዋት

ከቴሌቪዥኑ ሥር አንዲት አሮጌ ትንሽ ኮምፒውተር አለችኝ። ሊኑክስ ተጭኖባታል፤ ፊልምና ሙዚቃ ታጫውታለች፣ ከዚያ ያለፈ ሥራ የላትም። ከጎኗ የዲሽ ሪሲቨሩ ተቀምጧል። ሁለቱ አንድ መደርደሪያ ላይ ለዓመታት ተጠጋግተው ኖረው አንድም ቀን ተነጋግረው አያውቁም። የምፈልገው ነገር ሲወራ ቀላል ነው፦ እኔ ሥራ ላይ ሆኜ ወይም ተኝቼ ሳለ ኮምፒውተሯ ሪሲቨሩን የምፈልገው ቻናል ላይ አድርጋ ትቅዳልኝ።

«የዲሽ ካርድ ኮምፒውተሩ ውስጥ ሰክተህ ለምን አትገላገልም?» የሚል ሰው እንደሚኖር አውቃለሁ። ነጻ ቻናሎችን ብቻ ለሚያይ ሰው ትክክለኛው መንገድ እሱ ነው። ዲቪቢ-ኤስ2 የሚባለውን የዲሽ ሥርጭት የሚይዝ መቀበያ ካለው ሥርጭቱን እንደመጣ፣ ጥራቱ ምንም ሳይቀንስ ፋይል ያደርገዋል፤ ይህን ማስታወሻ ማንበብም አያስፈልገውም። እኔ የምቀዳቸው ግን የተቆለፉ ቻናሎች ናቸው። የሚከፍታቸው ከፍዬበት ያገኘሁት፣ ሪሲቨሩ ውስጥ የሚገባው የደንበኝነት ካርድ ነው፣ ካርዱ ደግሞ ከዚህ ሪሲቨር ጋር ብቻ ነው የተጣመረው። ስለዚህ ሪሲቨሩ መሀል መግባቱ የግድ ነው።

ምስሉን ከሪሲቨሩ ለመውሰድም ምርጫው ሰፊ አይደለም። ኤችዲኤምአዩ ላይ ኤችዲሲፒ የሚባለው መቆለፊያ ስላለ መቅጃ ቢሰካበት የሚያየው ጥቁር ስክሪን ነው። እሱን ለመስበር አልሞከርኩም። ከኋላ ግን ቢጫ፣ ቀይና ነጭ መውጫዎች አሉ። ጥራቱ የድሮ ቴሌቪዥን ጥራት ነው፣ 720 በ576። አንዴ አይቼ ለምደመስሰው ጨዋታ ይበቃኛል።

ቅዳሜ ከሰዓት

ሪሲቨሩ ጀርባ ላይ ባለ ዘጠኝ እግር የሲሪያል ሶኬት አየሁና ደስ አለኝ። በሲሪያል ትእዛዝ ተልኮ መልስም ይመጣል፤ «ቻናል 112 ክፈት» ስለው «ከፍቻለሁ» የሚል ነገር ይመለስልኛል ብዬ ነው። ከዩኤስቢ ወደ ሲሪያል የሚቀይር ገመድ አገናኘሁ፣ ፍጥነቱን 115200 ላይ አደረግሁ፣ ሪሲቨሩን አበራሁት። ባዶ። 2 እና 3 ቁጥር እግሮችን አቀያየርኳቸው፤ አሁን ስክሪኑ ላይ ጽሑፍ ተንዠቀዠቀ፦ የሜሞሪው መጠን፣ የሶፍትዌሩ ስሪት፣ ሲነሳ የሚያደርገው ነገር ሁሉ በመስመር በመስመር። ከዚያ ዝም። እኔ የምጽፍለትን ሁሉ ጆሮ ዳባ ልበስ አለኝ። ፍጥነቱን ቀያየርኩ፣ ቃላቱን ቀያየርኩ፣ ሁለት ሰዓት አለቀ። የመመሪያው መጽሐፍ ላይ ሶኬቱ ሶፍትዌር ለማደስ ብቻ እንደሆነ በትንሽ ፊደል ተጽፏል። መጀመሪያ እሱን ባነብ ኖሮ።

የቀረው መንገድ ሪሞት ነው። ማለትም ኮምፒውተሯ እንደ ሪሞት ትምሰል።

እሑድ

ሪሞት ዓይናችን የማያየውን ብርሃን ነው የሚያበራው፤ የአብዛኞቹ 940 ናኖሜትር አካባቢ ነው። ዝም ብሎም አያበራም፤ በሰከንድ 38 ሺህ ጊዜ ያህል ብልጭ ድርግም ይላል። ተቀባዩ ሪሞቱን ከፀሐይና ከአምፖል ብርሃን የሚለየው በዚህ ነው።

መሳቢያ ውስጥ አንድ አርዱይኖ፣ ማለትም ፕሮግራም የሚጫንበት ትንሽ የኤሌክትሮኒክስ ሰሌዳ፣ ነበረኝ። ሊኑክስ ላይ ሊርክ የሚባል ለዚሁ ሥራ የተሠራ ፕሮግራም አለ፤ የሚሠራ የዩኤስቢ ኢንፍራሬድ ዕቃ ያለው ሰው በእሱ የሪሞቱን ኮድ ይቀዳል፣ መልሶም ይልካል፤ አዲሶቹ ከርነሎች (የሊኑክስ እምብርት) ደግሞ ብዙውን ነገር ራሳቸው ያውቁታል። አርዱይኖውን የመረጥኩት አንድም በእጄ ስላለ፣ አንድም ኋላ ላይ ሌላ ነገር ሊያዳምጥልኝ ስለሚችል ነው። ይቺ ሁለተኛዋ ምክንያት ያን ጊዜ እንደዋዛ የታሰበች ነበረች። ሥራውን ሁሉ ያዳነችው እሷ ሆና ተገኘች።

ኮዱን ለማንበብ ቲኤስኦፒ4838 የምትባለዋን ባለ ሦስት እግር መቀበያ ሰካሁ። መጨረሻዋ ላይ ያለው 38 ድግግሞሹን ነው የሚናገረው። ሪሞቱን አንዴ ስጫን የቁጥር መዓት መጣ። ሁለተኛ ስጫን ሌላ የቁጥር መዓት። ሳልጫንም ይመጣል! ከራሴ በላይ ያለውን ኃይል ቆጣቢ አምፖል ሳጠፋው ግን ጸጥ አለ። እንዲህ ያለው አምፖል መቀበያዋን ሊያወናብድ እንደሚችል አንብቤ ነበር፤ አላመንኩም ነበር እንጂ።

ከዚያ በኋላ የመጣው ንጹሕ ነበር። ኤንኢሲ የሚባለው ኮድ ነው። መጀመሪያ 9 ሚሊሰከንድ ይበራል፣ 4.5 ሚሊሰከንድ ይጠፋል፤ ይህ «ስማኝ» የማለት ያህል ነው። ቀጥሎ 32 ቢት ይመጣል። እያንዳንዱ ቢት የሚጀምረው በ560 ማይክሮ ሰከንድ ብርሃን ነው፤ ቀጥሎ ያለው ጨለማ ያንኑ ያህል ካጠረ 0፣ ሦስት እጥፍ ያህል ከረዘመ 1። የወደድኩለት ነገር ሁሉን ሁለት ጊዜ መናገሩ ነው፦ አድራሻውን ይልና ተገልብጦ ይደግመዋል፣ ቁልፉን ይልና ተገልብጦ ይደግመዋል። ሁለቱ ካልገጠሙ ተቀባዩ ይጥለዋል። ስለዚህ ሪሲቨሩ ያልሰማውን አይሰማም እንጂ የሰማውን አሳስቶ አይሰማም። ስህተት ካለ ቁጥር ጎድሏል ማለት ነው፣ ሌላ ቁጥር ሆኗል ማለት አይደለም። ይቺን ያዟት።

ቁልፍ ተጭኖ ሲያዝ ኮዱ አይደገምም፤ በ110 ሚሊሰከንድ ገደማ አንዴ «ያው ነው» የምትል አጭር ምልክት ብቻ ትላካለች።

የአሥሩን ቁጥሮች፣ የመውጫውን፣ የኢንፎውንና የማብሪያውን ኮድ ወረቀት ላይ ጻፍኳቸው።

እሑድ ማታ

ብርሃን ላኪዋን መሥራት የአሥር ደቂቃ ሥራ ነው። አንድ ኢንፍራሬድ ኤልኢዲ፣ አንድ 220 ኦም ሬዚስተር፣ ሁለት ሽቦ። ከ5 ቮልት ላይ የኤልኢዲው 1.2 ገደማ ሲቀነስ 3.8 ይቀራል፤ ለ220 ሲካፈል 17 ሚሊአምፔር። የአርዱይኖው እግር ይህን ይችላል። ከክፍሉ ማዶ ለማብራት ትራንዚስተር ይጨመር ነበር፣ የእኔዋ ግን ሪሲቨሩ ፊት ላይ ስለምትለጠፍ አያስፈልጋትም።

አልሠራችም። የስልክ ካሜራ ደቀንኩባት። የሪሞትን ብርሃን ብዙ የስልክ ካሜራ ነጣ ያለ ሐምራዊ አድርጎ ያሳያል፤ የኋላው ካላሳየ የፊተኛው ይሞከር። ምንም የለም። ረጅሙ እግር ፖዘቲቭ መሆን ሲገባው እኔ ገልብጬ በይጄዋለሁ። ፈትቼ አዞርኳት፣ ካሜራው ውስጥ ተንቦገቦገች።

የሪሲቨሩ ፊት ጥቁር ፕላስቲክ ነው፤ ዓይኑ የት እንዳለ ከውጭ አይታወቅም። የእጅ ባትሪ አስጠግቼ በሰያፍ ሳበራበት ከፕላስቲኩ ጀርባ የሽንብራ ፍሬ የምታክል ጠቆር ያለች ነገር ከቁጥር ማሳያው በስተግራ ታየችኝ። ኤልኢዲዋን ከጎኗ በፕላስተር ለጠፍኳት። ዓይኑን ሙሉ በሙሉ አልሸፈንኩትም፣ ምክንያቱም የቤቱ ሪሞት መሥራት መቀጠል አለበት። እናቴ ይህን ሁሉ ከሶፋው ላይ ሆና እያየች ነው።

«ምን እየሠራህ ነው ልጄ?»

«ሪሲቨሩ ብቻውን ቻናል እንዲቀይር ነው እማዬ።»

«ብቻውን? ለማን ብሎ?»

ሰኞ ማታ

112 ላክሁ። ሪሲቨሩ ምንም አላደረገም።

በእያንዳንዱ ቁጥር መሀል 300 ሚሊሰከንድ ነበር የማሳልፈው። ፈጥኜበት ይሆናል ብዬ 800 አደረግሁት። ቻናል 2 ከፈተ! ስለዚህ ችግሩ ፍጥነት ነው፣ አይደል? 1600 አደረግሁት። ቻናል 12 ከፈተ። መንገዱን አግኝቼዋለሁ አልኩ። ጊዜውን ባስረዘምኩ ቁጥር አንድ ቁጥር ይጨመርልኛል፤ እንግዲህ ትንሽ ልጨምርበትና 112 ይሆናል። 2500 ላይ ግን ሪሲቨሩ ቁጥሩን ጠብቆ ጠብቆ ይሰለችና በየመሀሉ የደረሰውን ይከፍታል። እስከ እኩለ ሌሊት 1700፣ 1800፣ 1900 እያልኩ ስለካ አመሸሁ። የመጀመሪያዋ 1 በምንም አትመጣም።

ያየሁት ነገር ሁሉ እውነት ነበር፣ የደረስኩበት መደምደሚያ ግን ውሸት ነበር። እንዲህ ያለ ስህተት ነው ሰው የሚጨርሰው።

ማክሰኞ

ጠዋት ቡና ይዤ ቁጭ ብዬ ቁጥሮቹን ለአርዱይኖው የሚልከውን ስክሪፕት (ኮምፒውተሯ ላይ የጻፍኩትን ትንሽ ፕሮግራም) ሳስነሳ ዓይኔ ሪሲቨሩ ላይ ሳይሆን አርዱይኖው ላይ አረፈ። ሰሌዳው ላይ ያለችው ትንሿ መብራት ስክሪፕቱ በጀመረ ቁጥር ፈጠን ፈጠን ብላ ትርገበገባለች። ይቺ እኮ ቦርዱ ከዜሮ ሲነሳ የሚያሳየው ምልክት ናት።

ነገሩ እንዲህ ነው። ኮምፒውተር የአርዱይኖን ሲሪያል ፖርት ሲከፍት ዲቲአር የሚባለው መስመር ይነቃል፤ ቦርዱ ደግሞ ፕሮግራም ለመጫን እንዲመች ተብሎ በዚያ መስመር ሪሴት እንዲያደርግ ነው የተሠራው። ከተነሳ በኋላ «አዲስ ፕሮግራም ይመጣ ይሆን?» ብሎ አንድ ሁለት ሰከንድ ያህል ይጠብቃል። በዚያ መሀል የተላከ ቁጥር ሁሉ የትም አይደርስም። የእኔ ቦርድ ወደ 1.5 ሰከንድ ነበር የሚፈጅበት። 300 ላይ ሦስቱም ቁጥር ሲነሳ ጠፉ፣ 800 ላይ የመጨረሻዋ ተረፈች፣ 1600 ላይ ሁለቱ ተረፉ። የመጀመሪያዋ ሁልጊዜ ዜሮ ሰከንድ ላይ ስለምትላክ የቱንም ያህል ብጠብቅ አትተርፍም። ሪሲቨሩ አንድም ጊዜ አላጠፋም። ስሙን ያጠፋሁት እኔ ነኝ።

መፍትሔው ሁለት ነው። አንዱ በሪሴትና በግራውንድ መሀል 10 ማይክሮፋራድ ካፓሲተር ማስገባት፤ ይሠራል፣ ግን አዲስ ፕሮግራም በጫኑ ቁጥር እየነቀሉ መልሶ መሰካት አለ። እኔ ሌላውን መረጥኩ፦ ኮምፒውተሯ ስትነሳ ፖርቱን አንዴ ከፍታ እንደከፈተች የምትይዝ ትንሽ ፕሮግራም ጻፍኩ፣ ቀረጻው ትእዛዙን ለእሷ ይሰጣታል። ከዚህ በኋላ 200 ሚሊሰከንድ እንኳ ብዙ ጊዜ ይበቃል፤ አልፎ አልፎ ግን 112 የነበረው 12 ይሆናል። 400 ላይ አንድም አልጎደለም። 500 ላይ ተውኩት፤ ግማሽ ሰከንድ የሚያስቸኩል ጉዳይ የለኝም።

በነገራችን ላይ ሪሞታቸው አርሲ5 የሆነ ሰዎች ተመሳሳይ ቁጥር ሲደጋገም ሌላ ጣጣ አለባቸው። እዚያ ኮድ ውስጥ በተጫኑ ቁጥር የምትገለባበጥ አንዲት ቢት አለች፤ ካልገለበጧት ሪሲቨሩ 11ን ጣቱ ሳይነሳ እንደቆየ አንድ 1 ይቆጥረዋል። ድግግሞሹም 38 ሳይሆን 36 ኪሎኸርዝ ነው።

ረቡዕ

የቀረጻው ክፍል። በአጭሩ ልለፈው፣ ምክንያቱም ብዙ አላስቸገረኝም። ቢጫ፣ ቀይና ነጩን ገመድ የሚቀበል የዩኤስቢ መቅጃ ሰካሁ፤ መጀመሪያ ምስሉ ጥቁርና ነጭ ሆኖ ይንከባለላል፣ መቅጃው ኤንቲኤስሲ በሚባለው የቴሌቪዥን ሥርዓት ላይ ስለነበረ ነው፣ ፓል በሚባለው ላይ ሳደርገው ተረጋጋ። ኳስ ሲሮጥ ጠርዙ እንደ ማበጠሪያ ጥርስ ይተለተላል፤ ምስሉ በሰከንድ 50 ግማሽ ሆኖ ተጠላልፎ ስለሚመጣ ነው፣ ኤፍኤፍኤምፔግ የሚባለው የቪዲዮ ፕሮግራም ያለው የማስተካከያ ማጣሪያ ያድነዋል። ኤች.264 በሚባለው የቪዲዮ ማመቂያ በሰከንድ 4 ሜጋቢት ቀዳሁት፤ ይህ በሰዓት 1.8 ጊጋባይት ነው፣ ለአንድ ጨዋታ ከነትርፍ ጊዜው ከ4 ጊጋባይት ብዙ አይርቅም።

አንድ ማስጠንቀቂያ ብቻ፦ የመቅጃው ድምፅ እንደ ሌላ የድምፅ ካርድ ነው የሚቆጠረው፣ ቁጥሩ ደግሞ ኮምፒውተሩ በተነሳ ቁጥር ሊለወጥ ይችላል። በቁጥር ሳይሆን በስም ጥሩት። እኔ ይህን ያወቅሁት ድምፅ የሌለው የሁለት ሰዓት ፊልም ካየሁ በኋላ ነው።

ሐሙስ

ትናንት ሌሊት የመጀመሪያውን ቀረጻ አዝዤ ተኛሁ። ጠዋት የተቀዳው ሁለት ሰዓት ሙሉ ጥቁር ስክሪን ነው።

ሪሞቱ ላይ ማብሪያና ማጥፊያው አንድ ቁልፍ ነው። ስክሪፕቱ «ሪሲቨሩ ተኝቷል» ብሎ ማብሪያውን ይጫናል። ትናንት ግን አልተኛም ነበር፤ እኔው ነኝ ሳላጠፋው የተኛሁት። ስለዚህ ስክሪፕቱ በገዛ እጁ አጠፋው፣ ቻናሉንም ለጠፋ ዕቃ ላከ፣ ከዚያ በትጋት ጨለማ ቀዳልኝ።

ሁልጊዜ በርቶ ይደር? አሰብኩት። ይግላል፣ መብራትም ይበላል፣ ደግሞም ለረጅም ጊዜ ሪሞት ካልተነካ ራሱን የሚያጠፋ ቅንብር አለው። ቅንብሩን ማጥፋት ይቻላል፤ እናቴ ከመተኛቷ በፊት ማጥፋቷን ግን ማስቀረት አይቻልም።

ዋናው ጥያቄ የገባኝ ዛሬ ነው። እስካሁን «እንዴት ልዘዘው?» ስል ነበር የከረምኩት፤ ማዘዙ እኮ ማክሰኞ ላይ አልቋል ማለት ይቻላል። ሪሞት አፍ እንጂ ጆሮ የለውም። እኛ ሪሞት ስንጫን ዓይናችን ቴሌቪዥኑ ላይ ነው፤ ካልሠራ እንደግመዋለን፣ ሳናስበው። ኮምፒውተሯ ያ ዓይን የላትም። ልሠራላት የሚገባኝ ዓይን ነው።

ሪሲቨሩ ፊት ለፊት የዩኤስቢ ሶኬት አለው። ቮልቴጁን ለካሁት፦ ሲበራ 5.1፣ ተኝቶ እያለ 0። ይኸው! ያረጀ የስልክ ቻርጀር ገመድ ቆርጬ ቀይዋን ሽቦ በ10 ኪሎ ኦም በኩል ወደ አርዱይኖው አንድ እግር፣ ጥቁሯን ወደ ግራውንድ ወሰድኳቸው። መጀመሪያ ላይ ሪሲቨሩ ተኝቶም አርዱይኖው «በርቷል፣ ጠፍቷል፣ በርቷል» እያለ ይቃዣል፤ እግሩ ምንም ሳይዝ ተንጠልጥሎ ስለሚቀር ነው። ከግራውንድ ጋር በ100 ኪሎ ኦም ሳስረው አደብ ገዛ። በሁሉም ሪሲቨር እንዲህ ላይሆን ይችላል፤ ተኝቶም ዩኤስቢውን የማያጠፋ አለ። ሽቦ ከመቁረጣችሁ በፊት ለኩ።

ከአርዱይኖው «1» የምትል ቁጥር ስትመጣ ትንሽ ቆሜ አየኋት። ሪሲቨሩ ለመጀመሪያ ጊዜ የመለሰልኝ ቃል ነው።

ዓርብና ቅዳሜ

ሁለተኛው ዓይን፦ ትክክለኛው ቻናል ላይ ነው ወይ?

ቻናል ሲቀየር ወይም ኢንፎ ሲጫን ከታች የቻናሉ ቁጥርና ስም ያለበት ሰሌዳ ለአምስት ሰከንድ ይወጣል። ቁጥሩ ሁልጊዜ እዚያው ቦታ፣ በዚያው ፊደል፣ በዚያው መጠን ነው። ስለዚህ ጽሑፍ የሚያነብ ከባድ ፕሮግራም አያስፈልግም። ከ0 እስከ 9 ያሉትን ቁጥሮች ከስክሪኑ ላይ እንደ ማኅተም ቆርጬ አስቀመጥኳቸው፤ ስክሪፕቱ አንድ ፎቶ ያነሳል፣ የቁጥሩን ቦታ ይቆርጣል፣ ከአሥሩ ማኅተሞች የትኛው እንደሚገጥም ያያል።

ጨለማ ፊልም ላይ ሠራ። ነጭ ማልያ የለበሰ ተጫዋች ከኋላው ሲያልፍ ግን 1 የነበረው 4 ሆነ። ሰሌዳው ብርሃን የሚያሳልፍ ነው፣ ከኋላ ያለው ምስል ይታይበታል። አንድ ሳይሆን አምስት ፎቶ በአንድ ሰከንድ ውስጥ አንስቼ አማካያቸውን ወሰድኩ፤ የሚንቀሳቀሰው ይደበዝዛል፣ የቆመው ቁጥር ጎልቶ ይቀራል። የገመዱም ብናኝ አብሮ ጠፋ፣ ያላሰብኩት ትርፍ።

አሁን አካሄዱ እንዲህ ሆነ፦ ከሰዓቱ ሦስት ደቂቃ ቀድሞ ሪሲቨሩ በርቶ እንደሆነ ያያል፤ ከተኛ ይቀሰቅሰዋል፣ እስኪነሳ ይጠብቃል። መውጫውን ሁለት ጊዜ ይጫናል፣ የተከፈተ ሜኑ ካለ ቁጥሩን እንዳይበላበት። ቁጥሩን ይልካል። ስምንት ሰከንድ ቆይቶ ኢንፎን ተጭኖ ያነባል። ካልገጠመ ይደግማል፣ እስከ ሦስት ጊዜ። ሲገጥም ሰሌዳው እስኪጠፋ ጠብቆ መቅዳት ይጀምራል። ቀረጻው መሀል ኢንፎ አይጫንም፣ ሰሌዳው ፋይሉ ላይ ይቀራልና።

እሑድ ማታ

ከቤት ወጣ ብዬ ነበር። ስመለስ ሪሲቨሩ ከሶኬቱ ተነቅሏል፣ ገመዱም ተጠቅልሎ ከላዩ ተቀምጧል።

«ይሄ ዕቃ ተበላሽቷል» አለች እናቴ። «ድራማዬን እያየሁ ብቻውን ወደ ኳስ ይሄዳል። መለስኩት። እንደገና ሄደ። ጠጋኝ ጥራለት።»

የስክሪፕቱን መዝገብ ከፈትኩት።

20:57:02፦ በርቷል።
20:57:06፦ 112 ተላከ።
20:57:15፦ የታየው 47። ይደገማል።
20:57:19፦ 112 ተላከ።
20:57:28፦ የታየው 47። ይደገማል።
20:57:32፦ 112 ተላከ።
20:57:41፦ የታየ የለም። ጠፍቷል።

ሁለቱም የተቻላቸውን አድርገዋል። ስክሪፕቴ በሦስት ሙከራ ሲያበቃ እማዬ በሁለት መልሳ በሦስተኛው ነቀለችው። እውነቱን ለመናገር ከእሷ ፍጥነት ጋር የሚወዳደር ኮድ አልጻፍኩም።

ሪሲቨሩ በአንድ ጊዜ አንድ ቻናል ነው የሚከፍተው፣ ይህን የሚያልፍ ብልሃት የለም። የኮዱን ማንበቢያ መቀበያ መልሼ አርዱይኖው ላይ ሰካኋት፤ አሁን ሥራዋ የቤቱን ሪሞት ማዳመጥ ነው። ስክሪፕቱ ራሱ ሲልክ ጆሮዋን ትደፍናለች። ባለፉት 20 ደቂቃዎች ውስጥ ሰው ሪሞት ነክቶ ከሆነ ቀረጻው ቻናል አይቀይርም፣ «ሰው እያየ ነው» ብሎ መዝገብ ላይ ጽፎ ይቀመጣል። ቀረጻ ሲሄድ ደግሞ ከሪሲቨሩ በላይ አንዲት ቀይ መብራት ትበራለች። ቀይዋ በርታ እያለ ሪሞት ከተነካም ስክሪፕቱ አይከራከርም፣ ያቆማል። አንድ ሰው 20 ደቂቃ ሙሉ ምንም ሳይነካ ሊያይ እንደሚችል አውቃለሁ። እማዬ ግን ማስታወቂያ በመጣ ቁጥር ድምፅ ስለምትቀንስ እስካሁን አልተሳሳትኩም።

ማክሰኞ

ኮምፒውተሯ ስትተኛ የምትነቃበትን ሰዓት አርቲሲዌክ በሚባለው ትእዛዝ አስቀድሜ እሞላላታለሁ። ከእንቅልፍ ስትነሳ አርዱይኖው አንዳንዴ ሌላ የፖርት ቁጥር ይዞ ይነሳል፣ ስለዚህ እሱንም በተሰካበት ቦታ አድራሻ ነው የምጠራው። ቀረጻው መጨረሻ ላይ 15 ደቂቃ ጨምሬበታለሁ። ሚዝቲቪን የመሳሰሉ ትልልቅ የቴሌቪዥን መቅጃ ሥርዓቶች ከውጭ የቻናል መቀየሪያ ስክሪፕት የሚጠሩበት ቦታ አላቸው፤ የእኔንም መቀበል ይችሉ ነበር። በሳምንት አምስት ስድስት ነገር ለሚቀዳ ሰው ግን የሚያመጡት ጣጣ ከሚያቀሉት ይበልጣል፣ በእኔ አስተያየት። ሥራን በሰዓቱ የሚያስነሳው የሊኑክሱ ክሮንና አንድ የጽሑፍ ፋይል በቅተውኛል።

ሐሙስ

ሌሊት ከባድ ዝናብ ነበር። መዝገቡ «112 ታይቷል፣ ቀረጻ ተጀምሯል» ይላል። ፋይሉ ላይ ያለው ግን መጀመሪያ የተሰባበረ ምስል፣ ከዚያ «ሲግናል የለም» የሚል ሰሌዳ ለ40 ደቂቃ ነው። ዲሹ የሚቀበለው ከ10 ጊጋኸርዝ በላይ ያለውን ሞገድ ነው፣ ጠብደል ዝናብ ደግሞ እሱን ይውጠዋል። ሪሲቨሩ ሲግናል ኖረም አልኖረ የቻናሉን ቁጥር ያሳያል። የሠራሁላት ዓይን ቁጥሩን አይታ ምስሉን አላየችም።

አሁን ኤፍኤፍኤምፔግ ከቀረጻው ጎን በየ30 ሰከንዱ አንዲት ትንሽ ፎቶ እንዲያወጣ አደረግሁ፤ መቅጃውን ሁለት ፕሮግራም በአንዴ መክፈት ስለማይችል ከዚያው ከአንዱ መውሰድ ነበረብኝ። ሦስት ተከታታይ ፎቶ አንድ ዓይነት ከሆኑ «ምስሉ ቆሟል» ብሎ ይጽፋል። ዝናቡን አያቆመውም። ቢያንስ ጠዋት ፋይሉን ከመክፈቴ በፊት ምን እንደሚጠብቀኝ አውቃለሁ።

ፕላስተሩም በሪሲቨሩ ሙቀት እየላላ ነው። ኤልኢዲዋን በትኩስ ሙጫ ማጣበቅ አለብኝ።

ቅዳሜ

ሙጫውን እያሞቅሁ ሳለ እናቴ መጣች። ቀይዋን መብራት በጣቷ ነካ አደረገቻት።

«ይቺ ስትበራ ይቀዳል አይደል?»

«አዎ እማዬ።»

«የኔን ድራማም ይቀዳል? ረቡዕ ለቅሶ ቤት ነኝ፣ ያመልጠኛል።»

«ቁጥሩ ስንት ነበር?»

«47 ነዋ! ያጠፋህብኝ።»

የጽሑፍ ፋይሉን ከፈትኩ። ረቡዕ 21:00 ላይ 112 ተይዟል፣ የግማሽ ፍጻሜው ጨዋታ። 112ን ደምስሼ 47 ጻፍኩ።